የእዝራ ክሪስታል

ኅዳር 9

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ሳሊተ ምሕረት ሰፈሩ ሁሉ ጭጭ ብሏል። ስሌቱ የሚሄደው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ባለው ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ አይቋረጥም፤ እኔ ግን ከቤት ገብቼ ማየት አልቻልኩም። ልብስ አጠብኩ። ምን ይደረግ።

አባባ ሱቁን ለወንድሜ ለያሕያ ትቶለት ለምሳ መጣ። ሰው ልጅህ ምን ትማራለች ሲለው ፊዚክስ ብሎ ዝም እንደሚል ነገረኝ። እስቲ ዛሬ በደንብ አስረጅኝ አለ። ሃያ ሁለት ሰፈር ዕድሜውን ሙሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሸጠ ሰው ነው፤ ከሽቦ ጀመርኩለት። እኛ የምናጠናው ክሪስታል ነው አልኩት፣ ጥፍር የምታህል ስባሪ። ውስጡ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ገጹ ግን ያሳልፋል። ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ይባላል።

ትንሽ አሰበና፣ "ተገልብጦ የተሠራ ሽቦ ነው በይኛ" አለ።

ልክ ነው። ፕላስቲኩ ውስጥ፣ መዳቡ ውጭ።

ችግሩን አልነገርኩትም። ውስጡ እንደተባለው ሆኖ አያውቅም። ክሪስታሉ ሲያድግ አንዳንዱ አቶም ያለቦታው ይቀመጣል፤ ግማሹ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ፣ ግማሹ ኔጌቲቭ። እኩል ከሆኑ ይጠፋፋሉ እንላለን። በድምር አዎ። ግን የተበተኑት በዘፈቀደ ነው… እዚህ ፖዘቲቩ በዝቶ፣ እዚያ ኔጌቲቩ። ፖዘቲቩ በዛ ባለበት ኤሌክትሮን ይጠራቀማል፤ ዝናብ የጣለበት ሜዳ እንደሚያደርገው፣ ኩሬ ኩሬ ይሠራል። ከዚያ ኤሌክትሮኑ ከኩሬ ኩሬ እየዘለለ፣ አያሳልፍም የተባለውን ውስጥ ያቋርጠዋል። ምን ያህል? የኔ ዶክትሬት ይቺው "ምን ያህል" ናት።

ኅዳር 14

እዝራ ከኮሪያ ደወለ። ማስተርስ አብረን ነው የተማርነው። እኔ ስሌት ላይ ቀረሁ፣ እሱ ላብራቶሪ መርጦ ሄደ። አሁን አራተኛ ዓመቱ ነው፤ በሰኔ ይመረቃል።

አዲስ ክሪስታል አሳድጓል። እስከዛሬ ከሠራቸው ሁሉ ጥሩው። ሲያቀዘቅዘው ሬዚስታንሱ ይወጣል፣ ይወጣል… ከዚያ ይተኛል። መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል። ውስጡ ተዘግቶ ገጹ ብቻ ሲሠራ የሚጠበቀው ይሄ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ያሳተሙት ጽሑፍም የሚለው ይህንኑ ነበር። ጸሐፊዎቹ እሱ፣ የኮሪያው ፕሮፌሰሩ፣ ስሌቱን ያገዙት ደግሞ የኔው አማካሪ ዶ/ር ተካልኝ። የእዝራ ስም የታወቀው በዚያ ጽሑፍ ነው።

"ቁጥሮቹን ልኬልሻለሁ። ከስሌትሽ ጋር አስተያዪው፤ ትወጂዋለሽ" አለኝ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ደስ እንዳለኝ ቆየ። ስለ ክሪስታሉ ብቻ ነው? እዚህ ላይ እንኳ አልጽፈውም። አባቱ ሆሳዕና ከተማ የቤተ ክርስቲያን መጋቢ ናቸው። የኔ አባት አብዱልጀባር ነው። ምን ይጻፋል።

ታኅሣሥ 3

የማርመው የተማሪ ፈተና ተቆልሏል። ገርጂ ያለው ኮሌጅ በሳምንት ሦስት ቀን አስተምራለሁ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንኳ ሳርም ነበር። የእዝራን ቁጥር ገና አልነካሁትም።

ታኅሣሥ 11

ዛሬ ለማመሳከር ብዬ ገጹን ከስሌቱ አወጣሁት። ውስጡን ብቻ ተውኩ፣ የተበተኑትን ቻርጆችና ኩሬዎቹን። መስመሩ ወደ ላይ ብቻ እየወጣ መሄድ ነበረበት።

ተኛ።

የእዝራ ቁጥሮች ላይ ልክክ ብሎ ተኛ።

ታኅሣሥ 12

የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ። መሆን አለበት።

ታኅሣሥ 26

አልተሳሳትኩም። ቻርጆቹን እንደገና በተንኳቸው፣ ደግሜ ደጋግሜ። መጠናቸውን ቀነስኩ፣ ጨመርኩ። እሱ በለካበት ቅዝቃዜ ውስጥ ያው ነው፤ ገጽ የሌለው ክሪስታል የእዝራን መስመር ይሰጣል። የበለጠ ቢቀዘቅዝ ይለያይ ነበር። የእሱ ማሽን ግን ከዚያ በታች አይወርድም።

ይሄ የእሱ ክሪስታል ገጽ የለውም ማለት አይደለም። እሱ ማስረጃ ያለው ነገር ማስረጃ አይደለም ማለት ነው።

ትናንት ሥዕሉን ላከልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፉ ሽፋን ያዘጋጀው ነው። ያ ጠፍጣፋ መስመር፣ በቀይ።

"ያምራል" ብዬ መለስኩ።

ጥር 6

ዶ/ር ተካልኝን ቦሌ አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ስላመማቸው ግቢ መምጣት ትተዋል፤ ቤታቸው አጠገብ ባለች ካፌ ነው ተማሪ የሚያገኙት። ዘንድሮ ጡረታ ይወጣሉ። ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርጌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ።

"እኔም እኮ ስሜ አለበት" አሉ በመጨረሻ። ለኔ አልነበረም፣ ለራሳቸው ነው።

ከዚያ ቀስ ብለው አንድ ሐሳብ አመጡ። ስሌቱን ብቻ እናሳትም፤ የማንንም ናሙና ሳናነሳ። ለመመረቅ ይበቃኛል። እዝራም በሰላም ይመረቅ። ነገሩ እውነት ከሆነ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ይደርስበታል፣ ያኔ ማንም አይጎዳም። ልጁን እንደ ልጃቸው እንደሚያዩት፣ ወደ ኮሪያ ሲሄድ ሻንጣው ላይ እጃቸውን ጭነው እንደጸለዩለት ነገሩኝ።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ጥር 7

ስሌቱ ብቻ። ስለ ናሙናው ዝም። ይቻላል እኮ… ውሸት የለበትም። አንድም ውሸት የለበትም።

ጥር 21

መለያ መንገድ አለ። ቀላል ነው፣ ቀላልነቱ ያናድዳል። ክሪስታሉን ፍቆ ማሳሳት። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በገጹ ከሆነ፣ ውፍረቱን ግማሽ ቢያደርጉት ምንም አይለወጥም፤ ገጽ ያው ገጽ ነው። በውስጡ ከሆነ ግን መንገዱ በግማሽ ይጠባል፣ ሬዚስታንሱ እጥፍ ይሆናል።

የተፋቀ ክሪስታል አይመለስም። ያን የመሰለ ደግሞ አንድ ብቻ ነው ያለው። እስከ ሰኔ ሌላ አያደርስም።

ለእዝራ እነግረዋለሁ? ካልነገርኩት በማያውቀው ነገር ላይ ቆሞ ይመረቃል። ከነገርኩት… አላውቅም። ሁለቱንም አማራጭ አልወደድኩትም። እማዬ ሦስት ጊዜ ጠርታኝ አልሰማሁም አሉ።

የካቲት 2

ነገርኩት።

ከኮሌጅ ወጥቼ፣ ቅጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ደወልኩ። እንዳልፈራ በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረስኩት። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁ።

"አለሁ" አለ። "ገጹን ሙሉ በሙሉ አጠፋሽው?"

"አዎ።"

"ከዚያም ተኛ።"

"ተኛ።"

ስለ ማሳሳቱ ነገርኩት። ሳልጨርስ ገብቶታል።

"አንድ ነው ያለኝ፣ ፈትያ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ለምን ነገርሽኝ?"

ልትመረቅበት ስለሆነ ነው አልኩት። እሺ ብሎ ዘጋው። አልተቆጣም። በደንብ አድርጎ ቢቆጣኝ ኖሮ ዛሬ እተኛ ነበር።

የካቲት 23

የረመዳን ሁለተኛ ጾማችን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልደወለም፣ አልጻፈም። እኔም አልጻፍኩ። እማዬ ፊቴን አይታ የጾም ድካም ብቻ እንዳልሆነ ገባት፤ ያስቀየመኝ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ማንም የለም አልኳት። እኔ ካስቀየምኩትስ? ያንን አልጠየቀችኝም።

መጋቢት 5

ምንም።

መጋቢት 17

ጠዋት መልእክት ገብቷል። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

"አሳሳሁት። ግማሽ ድረስ። ሬዚስታንሱ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ልክ ነሽ።"

ከሥሩ ቁጥሮቹ። ንጹሕ፣ በሥርዓት የተደረደሩ፣ ስህተታቸው ሳይቀር የተሰላ። እንደ ሁልጊዜው።

ያቺ "ትንሽ" ላይ ስሠራ ዋልኩ። ገጹ አለ! ከሚያልፈው ውስጥ ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ የገጹ ነው። የቀረው በሙሉ የኩሬዎቹ። አራት ዓመት የፈለገው ነገር እዚያው ነበር፣ ግን ሰምጦ።

ልክ መሆን እንዲህ ነው?

መጋቢት 21

ዒድ። ቤቱ ዘመድ ሞልቷል፣ ደሴ ያሉት ሳይቀሩ መጥተዋል። የአጎቴ ልጅ ሳጂዳ መቼ ነው ዶክተር የምንልሽ አለችኝ፣ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከእዝራ፣ "ዒድ ሙባረክ" ብቻ።

ሚያዝያ 8

ደወለ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል፣ የረጋ።

ክሪስታሉን ሲያሳሳ ለፕሮፌሰሩ አልነገረም ነበር። ቢጠይቅ አይሆንም እንደሚሉት ያውቃል። ሰውየው ውጤቱን ሲያዩ መጀመሪያ አላመኑም፣ ከዚያ ተናደዱ። ክሪስታሉ የላብራቶሪው ነው፣ ሌሎች ተማሪዎችም ወረፋ ይዘውለት ነበር። የመመረቂያው ዋና ምዕራፍ ወድቋል። አዲስ ለመጀመር ጊዜ ያስፈልጋል፣ ውሉን ደግሞ አያድሱለትም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ያበቃል።

ይሄን ሁሉ የነገረኝ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው ልለው ስጀምር አቋረጠኝ።

"የፋቅሁት እኔ ነኝ" አለ። "ባልፍቀው ይቻል ነበር። አንቺ እኮ መንገዱን ነው የነገርሽኝ፤ ፋቀው አላልሽኝም።"

አላልኩትም? እኔ ግን እንዲፍቀው ነበር የፈለግሁት። ማወቅ ፈልጌ ነበር። ይሄን አልነገርኩትም።

ሚያዝያ 22

ቤቴል ኮሌጁ በር ላይ ጠበቀችኝ። የእዝራ ታላቅ እህት ናት፣ ሲኤምሲ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከዚህ በፊት የተያየነው አንዴ ነው፣ እሱ ወደ ኮሪያ የሄደ ቀን። ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም።

አልጮኸችም። ሰው እያለፈ ስለነበር ፈገግ እንዳለች ነው የተናገረችው፤ ይሄ ነው የባሰው። እናታቸው ለምረቃው ምስጋና ፕሮግራም ልብስ አሰፍታ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሁሉ ያውቃል። የሆሳዕና ዘመድ ቀን ቆርጦ ነበር።

"ዝም ብትዪ ምን ይጎድልብሽ ነበር?" አለችኝ።

ከተመረቀ በኋላ ሌላ ሰው ቢደርስበት የባሰ ይሆን ነበር አልኳት።

"ያኔ ዶክተር ሆኖ ይሳሳት ነበር" አለች። "ዶክተር የሆነ ሰው ሲሳሳት ያርማል ይባላል። ተማሪ ሲሳሳት ግን ወደ ቤቱ ነው የሚላከው።"

ጋውኗን ሰብስባ ወደ ታክሲ ተራው ሄደች።

ግንቦት 24

እዝራ ዛሬ ገባ። የሚገባበትን ሰዓት ራሱ ጽፎልኛል፤ ነይ አላለም፣ አትምጪም አላለም። ቦሌ አየር ማረፊያ ሄድኩ። መኪና ማቆሚያው ዳር፣ ተቀባይ የሚቆምበት ጋ፣ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

እናቱና ቤቴል አበባ ይዘው ነበር። ሁለት ሻንጣ እየገፋ ወጣ። ከስቷል። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች፤ በትከሻዋ በኩል አሻግሮ አየኝ። እጁን ትንሽ አነሳ። እኔም አነሳሁ። ከዚያ መኪና ውስጥ ገቡ።

ይኸው ነው። በሚኒባስ ተመለስኩ።

ሰኔ 11

አባባ ከመግሪብ ሶላት መልስ አጠገቤ ተቀመጠ። "ያ ኮሪያ የነበረው ልጅ መጣ አሉ" አለ። ስለሱ ነግሬው አላውቅም። ያሕያ ይሆን የነገረው? መጥቷል አልኩ። ሥራ ይዞ እንደሆነ ጠየቀኝ። ገና ነው አልኩ።

ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። "ሱቅ ብቅ ይበል በይው። ሻይ እንጠጣለን።"

ቤት ይምጣ አላለም፣ ሱቅ ነው ያለው። ለአባባ ያም ብዙ ነው።

ለእዝራ ነገርኩት። አመሰገነ። አልሄደም።

ሐምሌ 4

ዶ/ር ተካልኝ ራሳቸው ደወሉ። ቢሯቸውን አስረክበዋል። እዝራ የለካውን ከላክሁላቸው ወራት አልፈዋል፤ ለካስ ሲያዩት፣ የድሮውን ስሌታቸውን ከሥሩ ሲመረምሩት ነበር። የተበተኑትን ቻርጆች በአማካይ ወስደው እንዳለፏቸው አገኙ። "አማካዩ ዜሮ ነው ብዬ ተውኩት። መበተኑን ሳላይ" አሉኝ።

ከዚያ፣ "ጥር ላይ የነገርኩሽን እርሺው። ናሙናውንም፣ መፋቁንም፣ ሁሉንም ጻፊው። በስህተቱ ላይ ስሜ አለ፣ በእርማቱም ላይ ይግባ።"

የኮሪያው ፕሮፌሰርም መልሰዋል። ሁለት መስመር ብቻ። ቁጥሮቹን ተጠቀሙ፣ የኔን ስም ግን አታስገቡ።

ሐምሌ 19

እዝራ ሥራ ጀመረ። ቦሌ መንገድ ላይ የሆስፒታል ማሽን የሚያስመጣ ድርጅት ነው፤ የተበላሸ ይጠግናል። ስለ ሥራው በጽሑፍ ጠየቅሁት። "ማሽኑ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፤ ደስ ይላል" ብሎ መለሰ።

ጽሑፉን ጨረስኩ። ዝናቡ አላባራም፣ ከቤት ሳልወጣ አራት ቀኔ ነው። እሱ ሳያየው አይላክም።

ነሐሴ 6

ምሳ ሰዓቱ ላይ ሃያ ሁለት ካለ አንድ ካፌ ተገናኘን። ከመጣ ወዲህ ፊት ለፊት ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነው። የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ሸሚዝ ለብሷል። ስለ ዝናቡ ተነጋገርን፣ ስለ እናቱ ደም ግፊት። ቤቴል አሁንም አታናግረኝም፤ እሱም አላነሳት።

ጽሑፉን አትሜ ነበር የወሰድኩት። በዝግታ አነበበው፣ እስክሪብቶ ይዞ። አንድ ቦታ የሙቀት ልኬቱን አስተካከለ። ሁለት ቦታ ኮማ። ከዚያ ድምዳሜው ላይ ቆመ። "ቀደም ሲል የቀረበው ድምዳሜ ከአዲሱ ልኬት አንጻር እንደገና መታየት ይኖርበታል" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ይቺን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሙሉ ቀን ወስዶብኛል። እንዳትጎዳው ብዬ።

ሰረዛት። ከላይዋ በአጭሩ ጻፈ፤ በአማርኛ ሲሆን "ተሳስተን ነበር" ነው።

እንዲህ ተብሎ አይጻፍም አልኩት።

"ይጻፋል" አለ። "እንዳንቺ ከተጻፈ የሚያነብ ሰው ክሪስታሉ ችግር ያለበት ይመስለዋል። ክሪስታሉ ምንም አላጠፋም። እኛ ነን የሌለውን ያነበብንበት።"

አንድ ነገር ልነግረው ይዤ ነበር። በክረምቱ ብቻዬን የሠራሁት ስሌት። ያ ክሪስታል ያን ያህል ወፍራም ባይሆን፣ ከመቶ አንድ ውፍረት ቢኖረው፣ ገጹ ያሸንፍ ነበር። ያ ጠፍጣፋ መስመር ያኔ እውነተኛ ይሆን ነበር። ነገርኩት። ዓይኑ አንዴ በራ፣ የድሮው እዝራ፤ ያን ያህል በእጅ አይፋቅም፣ ስስ አድርጎ ከመጀመሪያው ማሳደግ ነው አለ። በምን ዓይነት ማሽን፣ በስንት ሙቀት፣ ሁሉንም ተናገረ። እጁ ጠረጴዛው ላይ ይሥል ነበር።

ከዚያ ራሱን ሰማ መሰለኝ፣ ቆመ። እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"የሚያሳድገው ሰው ያሳድገው" አለ። "እኔ በዚህ ጨርሻለሁ፣ ፈትያ። ስሜን አትንኪው፣ ይኑር። ግን ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አትደውዪልኝ።"

እሺ አልኩት። ስለ ሌላ ነገር ልደውል ብዬ አልጠየቅሁም። ሌላ ነገር ኖሮን ያውቃል? ኖሮናል… አንዳችንም አንድ ቀን ስሙን ጠርተነው አናውቅም እንጂ።

ከመስኮቱ አየሁት። ዝናብ ውስጥ ሮጦ አስፋልቱን ተሻገረ።

ነሐሴ 7

የእሱን ዓረፍተ ነገር እንዳለች አስገባኋት። ጠዋት ወደ ሳይንስ መጽሔቱ ላክሁት፤ ደርሶናል የሚል መልስ ከመቅጽበት መጣ።

ስልኬን አነሳሁ። ይዤው ቆየሁ… የሚደወልለት ሰው የለም።